ክረምት ያልኩት በጋ

ኅዳር ሲጋመስ፣ ከጀህራ ወዲያ፣ በሳልሚ መንገድ ዳር፣
ባለቤቶቹ ብርድ ሊጠጡ ይመጣሉና
ድንኳን እተክላለሁ።
ካስማውን ስመታ፣ በሦስተኛው ምት
መሬቱ ባዶ ድምፅ ሰጠ።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፤
ጉድጓድ። አፉ በአሸዋ የተወተፈ፣
ከውስጥ የተቆለፈ ቤት።

«ዱብ ነው» አለ ኦሼክ፣ የከሰላው ሰው፣ የግመል እረኛው፣
በትሩን ትከሻው ላይ እንደ ቀንበር አጋድሞ።
«ከእንሽላሊት ይተልቃል፣ ከአርጃኖ ያንሳል፣
ጅራቱ እሾኽ ነው፤ ስንቁም ጅራቱ ነው።
ሙቀቱን ሙሉ የበላውን ቅጠል እዚያ ስብ አድርጎ
አሁን ተኝቷል። እስከ የካቲት አትጠብቀው።»
«ምን አስተኛው?»
«ሺታው።»

ሺታ ማለት ክረምት ነው ብሎ ነበር ደላላው፣ ስመጣ።
ግን ምን ዓይነት ክረምት?
ነጎድጓድ የለው፣ ማጥ የለው፣ ወንዝ ሞልቶ ሰው አያግድ፣
ሰማዩ እንደ ሐርቡ ጥር ወለል ያለ።
በኔ ቋንቋ ይኼ በጋ ነው፤ የአውድማ፣ የሠርግ ወራት፣
ጣት የሚቆረጥም ብርድ የተጨመረበት።
ቃሉን ካገሬ ይዤው መጣሁ፣ እዚህ ጫማ ሆነብኝ፤
የግራው፣ ለቀኝ እግሬ።

ድንኳኑን ሁለት ክንድ ወደ ጎን አሸሸሁት።

ሌሊት፣ ጄኔሬተሩን ካጠፋሁ በኋላ
ጆሮዬን ከመሬት እለጥፋለሁ።
ምንም አይሰማም። ኦሼክ እንደሚለው
ልቡ አንዴ ትመታና፣ ትቆይና፣ ትቆይና፣
ብድር ሊጠይቅ ደጅ እንደ ቆመ ሰው ታመነታና
ደግማ ትመታለች።
ትንፋሹ ቁጠባ ነው። ደሙ ከአሸዋው እኩል ይበርዳል፤
አይራብም፣ አይጠማም፣ ሕልምም አያይ ይሆናል፣
ሞተ እንዳይባል ብቻ ይኖራል።

ይኼንንስ አውቀዋለሁ።
ኢቃማዬ ካለቀ አራተኛ ወሩ ነው።
ከፊሌ ስልክ አያነሳም።
ከተማ አልወጣም፤ ሱቅ ኦሼክን እልካለሁ፤
የፖሊስ መኪና አቧራ ባየሁ ቁጥር
ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ትንፋሼን አሳንሳለሁ።
እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ሁለት ቃል።
እሷንም ከጅራቴ ስብ ቀንሼ ነው።

በታኅሣሥ የመጨረሻው ሐሙስ
ትንሹ ሚሻሪ ጉድጓዱን አገኘው።
«ያ ሙሄ! ውኃ! ጀሪካኑን አምጣ!»
እንዲህ ነው የሚያወጡት፤ ቤቱን ጎርፍ ይሞሉበታል፣
ሲታፈን አፍንጫውን ብቅ ሲያደርግ፣ በአንገቱ።
ጀሪካኑን አነሳሁ። ሃያ ሊትር።
ዐሥር እርምጃ ነበር።
በስድስተኛው ተደናቀፍኩ።
(ድንጋዩን አትፈልጉት፤ አልነበረም።)
ውኃው ተደፋ፣ አሸዋው በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው።
ልጁ ሰደበኝ። አባቱ የሦስት ቀን ሒሳቤን ቆረጠ።
ወዲያው ኳስ ተጠርቶ ሄደ፣ ረሳው።
እኔ ግን ማታ የምንጣፍ ቁራጭ በጉድጓዱ አፍ አንጥፌ
በላዩ አሸዋ ነሰነስኩ፤
ደጃፍ እንዳይመስል።

ጥር ላይ አንድ ሌሊት ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ብርጭቆ ሆነ።
ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቤ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር ቀብሬ
ቆጠርኩ፤ የራሴን ምት።
ፈጠነብኝ። እንዴት ነው የሚያዘገዩት?
ጎረቤቴ አልመለሰም።

የካቲት አለቀ። ድንኳኖቹ ተነቀሉ፣ ካስማዎቹ ታሰሩ።
ፒክአፑ ሲሞላ «ውጣ» ያለኝ የለም፣
«ቅር» ያለኝም የለም።
ሄጄ አየሁ።
ምንጣፉ ወደ ጎን ተገፍቷል፣
አሸዋው ከውስጥ ወደ ውጭ ተዝቋል፣
ከደጁ ወደ ፀሐይ የሚሄድ ጥፍራም ዱካ፣
በመካከሉ አንድ የተጎተተ መስመር፣
ክፉኛ የቀጠነ።

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።
«በልጉ ጣለ» አለችኝ፤ «እናንተ ጋስ፣ ወቅቱ ምንድን ነው?»
አፌን ከፈትኩ፤ ከሁለት ቃል የሚበልጥ ነገር
ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።
«ቆይ» አልኳት፣
ዱካውን በጫማዬ እንዳላጠፋው
ዙሬ እየሄድኩ።